የአውራ ዶሮው ሐኪም

አባቴን ሊያስፈርም የመጣው ሰውዬ አምስተኛው ዙር እንዳለቀ ተነስቶ ሄደ። አባቴ ያን ቀን አሸንፏል፤ አንድም ሰው ኳሱን በደንብ አልመታበትም። ሰውዬው ግን ሄደ፣ ሁለተኛም አልተመለሰም። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ይህን በዘጠኝ ዓመቴም አውቄዋለሁ። ያላወቅሁት የትኛው ጥፋቴ እንደሆነ ነው።

አባቴ ኤላዲዮ ይባላል። በከተማችን በሳን ፔድሮ ግን በዚህ ስም የሚጠሩት እናቴ፣ ቄሱና ፖሊሶች ብቻ ነበሩ። ለሌላው ሁሉ ላ ኔቬራ ነው፣ ማቀዝቀዣው። የከተማችን የቤዝቦል ቡድን ወርዋሪ ነበር። የሜዳው ሦስት ማዕዘኖች በሙሉ በተጋጣሚ ሯጮች ተይዘውበት፣ አምስት ሺህ ሰው እናቱን እየሰደበበት፣ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። መቺው ኳሷን ከአጥር ውጭ ቢልካት እንኳ ጀርባውን ያዞራል፣ ጎንበስ ብሎ ቁንጥር አፈር ያነሳል፣ ወደ ኋላው ይበትነዋል።

“ቀበርኳት” ይለኝ ነበር በኋላ ስጠይቀው። “ከእጄ የወጣች ኳስ የእኔ አይደለችም። የእኔ የምትቀጥለዋ ናት።”

እሱ በሚወረውርበት ቀን ቤታችን የሌላ ሰው ቤት ይመስላል። ሬዲዮ አይከፈትም። ማንም ደህና አደርክ አይለውም። እናቴ ብሪሂዳ የተደቆሰ ሙዝና ሁለት እንቁላል ፊቱ አስቀምጣ ዘወር ትላለች። በልቶ ካበቃ በኋላ መስታወቱ ፊት ይቆምና ለራሱ ይናገራል። “ዛሬ የሚመታኝ ገና አልተወለደም።” ሰባት ጊዜ ነው የሚለው። ከበር ኋላ ሆኜ በጣቶቼ እቆጥርለታለሁ፤ ስድስት ላይ ቢያቆም ማስታወስ የእኔ ኃላፊነት ይመስለኝ ነበር።

ሌላም ደንብ አለን። “አመመኝ” አይባልም። በሚወረውርበት ቀን ብቻ አይደለም፣ መቼም አይባልም። አባቴ ያን ቃል ከጠሩት ቤቱን ያውቀዋል ይላል። ጥርሴን ሲያመኝ እንኳ ለእናቴ በጆሮዋ ነበር የምነግራት።

የሚወረውር ክንድ ደግሞ የቤት ሥራ አይሠራም። ይህ የአባቴ ፈጠራ አይደለም። በሰፈራችን ወርዋሪ የሆነ ሁሉ ያንን ክንዱን እንደ ሙሽራ ነው የሚይዘው፤ ውሃ አያመላልስበትም፣ በር አይዘጋበትም፣ ልጅ አያቅፍበትም። አባቴ አቅፎኝ የሚያውቀው በግራው ብቻ ነው። ልጅ ሁሉ እንደዚያ የሚታቀፍ ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ዓመት ግን ደንቡ እየጠበቀ መጣ። መጀመሪያ ማንኪያው ወደ ግራ እጁ ተዛወረ። ከዚያ እናቴ ሸሚዙን ትቆልፍለት ጀመር። ከዚያ ጸጉሩን ማበጠር ያዘች። ከገና በኋላ አልጋውን ትቶ የሚወዛወዘው ወንበር ላይ ተቀምጦ ያድር ነበር፤ ቀኝ ክንዱ ሁለት ትራስ ላይ ይተኛል። ይህን ሁሉ የማየው በኩራት ነው። ሌሎቹ ወርዋሪዎች ከአባቴ የሚያንሱት ደንባቸው ልል ስለሆነ ነው ብዬ ደመደምኩ። ትምህርት ቤት ውስጥ ይህን አስረድቼ፣ አባቷ ወርዋሪ ከሆነ አንዲት ልጅ ጋር ተደባድቤያለሁ።

ሐሙስ ሐሙስ የስኳር ፋብሪካው የእንስሳት ሐኪም ዶን ፊርሞ ትንሽ ጥቁር ቦርሳውን ይዞ ይመጣል። አውራ ዶሯችንን ኮሎኔልን ሊያክም ነው፣ አለችኝ እናቴ። ከአባቴ ጋር ጓዳ ይገቡና በሩ ይዘጋል። ኮሎኔል ሲወጉት ሰው ካየው ይደነግጣል ተባልኩ። አንዳንዴ ኮሎኔልን አጥሩ ላይ ቆሞ ሲጮህ አየዋለሁ፤ የጓዳው በር ግን ዝግ ነው። ይህ ለምን እንዳልገረመኝ እስካሁን አልገባኝም። ያኔ የሚገርሙኝ ነገሮች ሌሎች ነበሩ፤ ለምሳሌ ባሕሩ ለምን እንደማይሞላ።

የሦስቱ ነገሥታት በዓል ካለፈ በኋላ ባለው እሁድ ዶን ኮርዴሮ ከተማችን ገባ። ፖርቶ ሪኳዊ ነው፤ በሰሜን ላለ ትልቅ ክለብ ተጫዋች የሚመለምል ሰው። አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር፣ እንዲህ ያለውን ሰው አሥራ አንድ ዓመት ጠብቋል። በሠላሳ ሁለት ዓመቱ የሚመጣለት እንደሌለ እኔ እንኳ አውቃለሁ። ሠፈሩ ሁሉ ያወራዋል።

ጠዋት ቶሪቢዮ መጣ። ቶሪቢዮ የአባቴን ኳስ የሚቀበለው ተጫዋች ነው፤ የክርስትና አባቴም ነው። ግቢ ውስጥ ከእናቴ ጋር ቆመው ሲንሾካሾኩ ልብስ ከተሰጣበት ገመድ ኋላ ነበርኩ።

“አበልጄ፣ አንድ ጨዋታ እኮ ነው” አላት። “ስድስት ዙር። ከዚያ ይፈርማል። እዚያ ደግሞ ሐኪም አላቸው፣ ሁሉም ነገር አላቸው።”

“መጀመሪያ የሚያዩት ክንዱን ነው።”

“ታዲያ የወርዋሪ ምኑን ሊያዩ ነው፣ ጥርሱን?”

እሱ ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም። እኔ ደግሞ የአባቴን ክንድ ፈረንጆች ከበው ሲያደንቁት ታየኝ፣ ደስ አለኝ።

ቤት ስገባ አባቴ መስታወቱ ፊት ቆሟል። አራት ጊዜ አለና አቆመ። ጠበቅሁ። አምስተኛው አልመጣም። ይልቅ ዞሮ አየኝ፤ በሚወረውርበት ቀን አናግሮኝ አያውቅም።

“ዩዴልካ” አለ። “ዛሬ ከሰውዬው ጎን ነው የምትቀመጪው። ኦቾሎኒ ይዘሽለት ሂጂ። የሚጠይቅሽን መልሺለት።”

“ምን ይጠይቀኛል?”

“እንጃ። ብቻ አትዋሺ።”

እናቴ ጭልፋ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። “ኤላዲዮ፣ ልጅቷን ተዋት።”

“ትሂድ።”

“ኤላዲዮ!”

“ትሂድ አልኩ።”

ቀሪዎቹን ሦስት በልቡ ብሏቸው ይሆናል ብዬ ሳላስታውሰው ቀረሁ።

ጨዋታው ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚጀምረው። እናቴ፣ አባቴ ትንሹን ፎጣውን ረስቷል ብላ፣ ወደ ሜዳው ላከችኝ። በነገሥታቱ በዓል ስጦታ ያገኘሁትን ነጭ ጫማ አድርጌያለሁ። ተጫዋቾቹ ወደተቀመጡበት ስሮጥ በኖራ የተሰመረውን መስመር በሙሉ እግሬ ረገጥኩት። መስመሩ ላይ የጫማዬ ምልክት ቁልጭ ብሎ ቀረ።

ከአባቴ ጀምሮ ያንን መስመር የሚረግጥ ተጫዋች የለም፤ መጥፎ ዕድል ያመጣል ተብሎ ሁሉም ዘለው ነው የሚያልፉት።

“ቅድስት ድንግል!” አለ አንዱ።

“ምን አደረግሁ?”

“ምንም” አለኝ ሌላው፣ ማስቲካውን እያላመጠ። “ጨዋታውን ብቻ ነው የገደልሽው።”

“አንቺ ልጅ፣ ቀዶ ጥገና ያስፈልግሻል፣ እግርሽን የሚቆርጥ!” አለ ቶሪቢዮ። ሊያስቀኝ ፈልጎ ነው፣ ፊቱ ግን አልሳቀም።

አባቴ የጫማዬን ምልክት አየው። ፎጣውን በግራ እጁ ተቀበለኝ። “ሂጂ፣ ሰውዬው መጥቷል” አለ።

ዶን ኮርዴሮ ስልሳ ዓመት ይሆነዋል። የገለባ ባርኔጣ አድርጓል፣ የኳስ ፍጥነት የሚለካ መሣሪያና ደብተር ጉልበቱ ላይ ይዟል፣ የጉሮሮ ከረሜላ ይመጥጣል። ፋብሪካው አገዳ እየፈጨ ስለነበር አየሩ የተቃጠለ ስኳር ይሸታል። ከኋላችን ጥሩምባና ከበሮ ጆሮ ያደነቁራሉ።

“የላ ኔቬራ ልጅ ነሽ?”

“አዎ። ኦቾሎኒ ይፈልጋሉ?”

“አምጪ እስቲ። አባትሽ ከመወርወሩ በፊት ይፈራል?”

“አባዬ?” ከልቤ ሳቅሁ። “አባዬ ምንም አይፈራም። ደንብ ስላለው እኮ ነው።”

“ምን ዓይነት ደንብ?”

መስመሩን ረግጬበታለሁ፤ በሆነ መንገድ ማካካስ ነበረብኝ። ስለዚህ ሁሉንም ነገርኩት። አንድም አላስቀረሁም። ከተማው ውስጥ ክንዱን እንደ አባቴ የሚያከብር ወርዋሪ እንደሌለ ነገርኩት። ማንኪያውን፣ ማበጠሪያውን፣ የሚወዛወዘውን ወንበር፣ ሁለቱን ትራሶች።

“ሸሚዙን ማን ይቆልፍለታል?” አለኝ፣ ሜዳውን እያየ።

“እማዬ።”

“ድሮም?”

“አይ፣ ድሮ እንደዚህ ጎበዝ አልነበረም። ከገና ትንሽ ቀደም ብሎ ነው የጀመረው።”

አባቴ ወረወረ። መቺው አየር ቀዘፈ። መሣሪያው ላይ ቁጥር በራ፣ ሕዝቡ አገሳ። ዶን ኮርዴሮ ቁጥሩን ጻፈና እርሳሱን እዚያው አቆመው።

“አውራ ዶሮም አለን” አልኩት። “ኮሎኔል ይባላል። የራሱ ሐኪም አለው።”

“ዶሮው?”

“ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል። መርፌ ይወጋዋል። አባዬ ነው የሚይዘው። ሲወጡ ግን የሚያልበው አባዬ ነው፣ ኮሎኔል ምንም አይሆንም።”

የያዘውን ኦቾሎኒ ሳይፈለፍለው መልሶ ከረጢቱ ውስጥ ጨመረው።

“ከሐሙስ በኋላ እንዴት ይሆናል?”

“ዶሮው?”

“እ… ዶሮው።”

“እሱ ያው ነው። አባዬ ግን ሐሙስ ማታ ይዘፍናል።”

ሰውዬው ደብተሩን ዘጋው። ከዚያ በኋላ ሁለት ዙር ሙሉ መሣሪያውን አላነሳውም፤ ዝም ብሎ እጆቹን አጣጥፎ እንደማንኛውም ሰው ጨዋታውን አየ። “ጥሩ ወርዋሪ ነው” አለ አንድ ጊዜ። ትንሽ ቆይቶ፣ “በጣም ጥሩ ወርዋሪ ነው” አለ። ለቅሶ ቤት ስለ ሟች እንደሚወራው ነበር አነጋገሩ። እኔ ግን ፈረመ ማለት ነው ብዬ እግሬን አወዛወዝኩ።

አምስተኛው ዙር ሲያልቅ ተነሳ። የከረሜላውን ቆርቆሮ ሰጠኝ።

“አባትሽን አመስግኖሃል በይው” አለኝና በደረጃው ወረደ።

አባቴ ከሜዳ ሲወጣ ቀና ብሎ ወደ እኛ ተመለከተ። ከጎኔ ባዶ ወንበር አለ። ጎንበስ አለና ቁንጥር አፈር አነሳ፣ ወደ ኋላው በተነው። ማንም አልመታውም ነበር እኮ። ቶሪቢዮም ቆም ብሎ እንዳየው አስታውሳለሁ። ከዚያ አባቴ ዘለል ብሎ መስመሩን አለፈው።

ስድስተኛውን ዙር ወረወረ። ሦስት ሰው ተነሳበት፣ ሦስቱም ሳይመቱ ተመለሱ። ሰው ወንበር ላይ ቆሞ “ኔ-ቬ-ራ! ኔ-ቬ-ራ!” ይላል። እኔ ከረሜላውን አቅፌ የኖራውን መስመር ነው የማየው።

የሰውዬውን መልእክት አላደረስኩም። ሰውን አባሮ መልእክቱን ማድረስ ድፍረት መሰለኝ።

እናቴ ዘጠኝ ቀን አኮረፈች። በእኔ ነው ብዬ ሳህን ሳታዝዘኝ አጥብ ነበር። እንዳኮረፈች የቆየችው በአባቴ ላይ እንደነበር የገባኝ ከስንት ዓመት በኋላ ነው፤ ያኔ ለእኔ ምግብ ስታቀርብ እንደወትሮው ጉንጬን ቆንጠጥ ታደርገኝ ነበር፣ ይህን አላስተዋልኩም። ከሦስት ሳምንት በኋላ አባቴ በሦስተኛው ዙር መሐል አንድ ኳስ ወረወረ፤ ኳሷ መሬት ላይ ተንከባለለች፣ እሱ ጓንቱን አውልቆ ማንንም ሳያይ ወጣ። ከዚያ ወዲያ አልወረወረም። ዶን ፊርሞም መምጣቱን ተወ። ኮሎኔል ዳነ ማለት ነው አልኩ።

እኔ መስመር መርገጥ አቆምኩ። የትምህርት ቤቱን ሜዳ፣ የመድኃኒት ቤቱን ንጣፍ፣ የመንገድ ማቋረጫውን፣ ሁሉንም እየዘለልኩ አደግሁ። በሃያ ዓመቴ ዋና ከተማው ውስጥ ምህንድስና እያጠናሁ እንኳ፣ ማንም ካላየኝ እዘላለሁ።

አንድ ቀን ዩኒቨርሲቲው ምሳ ቤት ለጓደኞቼ የኮሎኔልን ታሪክ እንደ ቀልድ አወራሁላቸው። ጥሩ ነው የማወራው። ሁሉም ሳቁ። ሕክምና የምታጠናው ኖኤሚ ብቻ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

“አባትሽ ሸሚዙን መቆለፍ አይችልም ነበር?”

“አይችልም አላልኩም። አይቆልፍም ነው ያልኩት።”

“ተቀምጦ ነበር የሚያድረው? በየሳምንቱ መርፌ?” አየችኝ። “ዩዴልካ፣ በፈጠረሽ፣ የሚወጋው ዶሮው ነው ብለሽ እስከ ዛሬ?”

ጠረጴዛው ላይ ማንም አልሳቀም። የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ ከባዱን ሒሳብ ሁሉ በከፍተኛ ውጤት አልፌአለሁ፣ አንድ ዶሮ ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አልገባኝም።

“ያኔ ቢናገር ይታከም ነበር?” አልኳት።

“ክርኑ ነው የሚመስለው። ቶሎ ቢነገር ምናልባት። ሕመሙን በመርፌ እያደነዘዘ ከወረወረ ግን…” ትከሻዋን ነቀነቀች።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ከሰዓት በፊት አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

አባቴ ሳሎን ተቀምጦ ያረጁ ኳሶች ይሰፋል፤ የሰፈር ልጆች ያሰለጥንባቸዋል። መርፌውን የያዘው በግራ እጁ ነው። እናቴ ፊት ለፊቱ አተር ትፈለፍላለች።

“አባዬ፣ ኮሎኔል ታሞ ያውቃል?”

“የቱ ኮሎኔል?”

“አውራ ዶሮው።”

የእናቴ እጅ ቆመ። “ያ ዶሮ” አለች፣ “በሙሉ ጤናው ነው ሾርባ ውስጥ የገባው።”

“ለዶን ኮርዴሮ ሁሉን ነገርኩት፣ አባዬ። ማንኪያውን፣ ወንበሩን፣ መርፌውን።”

“አውቃለሁ።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከአምስተኛው ዙር።”

“እኔ መስመሩን ስለረገጥኩ መስሎኝ ነበር! አሥራ አንድ ዓመት እንደ እብድ ስዘል! ለምን አልነገርከኝም?”

“መስመሩን መርገጥሽም ጥሩ አልነበረም” አለ፣ ክሩን እየሳበ።

እናቴ ሳህኑን ከጭኗ አወረደች። “ንገራት፣ ኤላዲዮ።”

“ምኑን?”

“ለምን እንደላክሃት። እኔም እስከ ዛሬ አልሰማሁም።”

ቤቱ ዝም አለ። ያ የድሮው፣ የመወርወሪያ ቀን ዝምታ ነበር። የማልወደውም እሱን ነው፤ ሁሌ ከበር ኋላ ቆሜ የምቆጥር ያስመስለኛል።

“ሰውዬው መልእክት ነበረው” አልኩ። “‘አባትሽን አመስግኖሃል በይው’ አለኝ። ፈርቼ አልነገርኩህም።”

መርፌው ኳሱ ላይ እንደተሰካ ቀረ።

“እንደዚያ አለ?”

“እንደዚያ።”

ፊቱን ፈለግሁበት። ምንም አይነበብም። ሰው ማቀዝቀዣ ብሎ የጠራው በከንቱ አልነበረም።

“አባዬ፣ አንተ በአፍህ ማለት ስላልቻልክ ነው እኔን የላክኸኝ? ወይስ እንዲሁ ኦቾሎኒ እንዳደርስለት ነው?”

“አትዋሺ አልኩሽ” አለ። “አልዋሸሽም።”

“ይሄ መልስ አይደለም።”

ክሩን በጥርሱ በጠሰው። ኳሱን ባልዲው ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ጣለና ኮፍያውን አደረገ። ሰዓቱን አየ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው፣ ልጆቹ ይጠብቁታል። ባልዲውን በግራ እጁ አንጠልጥሎ ወጣ። ደፉ ላይ ቆም አለ፤ ዞር የሚል መስሎኝ ነበር። ባልዲውን መሬት አስቀመጠ፣ ቀኝ ክንዱ ጎኑ ላይ እንደተንጠለጠለ በዚያው በግራ እጁ በሩን ስቦ ዘጋው፣ ከዚያ ባልዲውን ሲያነሳ የኳሶቹ መንኳኳት ተሰማን።